ጋሽ ገሰሰና የእንግሊዞቹ ምሳሌዎች

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዋን ሲሞላው ፀሎት እስክሪብቶዋን ጥላ ተነሳች። ወደ ወጥ ቤት ስትሮጥ ጥቁር ጭስ በበሩ አናት እየተግተለተለ ወደ ሳሎን ይገባ ነበር። ነጩ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ከራሱ ማስቀመጫ ላይ ሳይሆን እሳት ከመሰለው ምድጃ ላይ ተጥዷል። ታችኛው ክፍሉ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተዝለግልጓል። ጋሽ ገሰሰ የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ ታቅፈው አጠገቡ ቆመዋል። ጭሱን የሚያዩት የሌላ ሰው ቤት የሚጨስ ያህል ረጋ ብለው ነው።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ይበሉልኝ» አለችና ምድጃውን አጠፋች። መስኮቱን በረገደችው።

ጋሽ ገሰሰ ዞር ብለው አዩዋት። «ሸዋ፣ ሻዩን ማን ጣደው?»

ሸዋ የሚሏቸው ባለቤታቸው እትዬ ሸዋገነት ናቸው። ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እሷ የምታውቃቸው ከሳሎኑ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

«እኔ ፀሎት ነኝ፣ ጋሼ። የታች ቤት፣ የየሺወርቅ ልጅ።»

የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ አስቀመጡ። ከዚያ አንድ ነገር ፊታቸው ላይ ተመለሰ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የቀለጠውን ማንቆርቆሪያ፣ በመጨረሻም የገዛ እጃቸውን ተመለከቱ። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። የስድስት ዓመቷ እህቷ ፋሲካ ከሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ሥዕሏን እየቀባች ምን እንደሚሸት በጀርመንኛ ጠየቀች። «ምንም አይደለም፣ ቀጥዪ» አለቻት ፀሎት።

«ለሃይሚ እንዳትነግሪ» አሉ ጋሽ ገሰሰ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሃይሚ አውሮፕላን ማረፊያ በጥበቃ የምትሠራው አንድ ልጃቸው ናት። «ለእናትሽም ቢሆን አትንገሪ። ሃይሚ የምትጠብቀው ሰበብ ነው። ባለፈው ወር የአረጋውያን መኖሪያ ማመልከቻ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጥላልኝ ሄዳለች። ይህን ከሰማች አለቀልኝ። እሺ በይኝ፣ ልጄ።»

ጋሽ ገሰሰን ሲለምኑ አይታቸው አታውቅም።

«እሺ» አለች።

የፀሎት ቤተሰብ ጀርመን ውስጥ፣ ከከተማዋ ምሥራቅ ዳርቻ ወዳለው ፌኸንሃይም ሰፈር ከመጣ ጀምሮ ጋሽ ገሰሰ ከላይ፣ እነ ፀሎት ከታች ነው የሚኖሩት። እናቷ የሺወርቅ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ሰኞና ረቡዕ የከሰዓት ፈረቃ አላት። በእነዚያ ቀናት ፋሲካን ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያመጧት ጋሽ ገሰሰ ናቸው። ፀሎት አሥር ተኩል ላይ ከትምህርት ቤቷ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ላይ ትወጣለች። እዚያው አብራቸው ታጠናለች፤ ከዚያ እህቷን ይዛ ትወርዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኖ ኖሯል። እናቷ ያንን ሥራ የያዘችው ጋሽ ገሰሰ ስላሉ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ፀሎት ከመቼውም በላይ ትፈልጋቸው ነበር። ሐሙስ የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና አለ። ባለፈው የጽሑፍ ፈተና አምስት አግኝታለች፤ በጀርመን አቆጣጠር አንድ ከሁሉ የበለጠው ውጤት ሲሆን አምስት ማለት መውደቅ ነው። የአሁኑ ፈተና ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቀርቡበት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሳጥን ውስጥ ካርድ ያወጣል። ካርዱ ላይ አንድ የቆየ የእንግሊዞች ምሳሌያዊ አነጋገር ተጽፏል። ተማሪው ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ያብራራል፤ ከራሱ ሕይወትም አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ይጨምርበታል። ፀሎት አርባውንም ምሳሌ ልትሸመድድ ሞክራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተደባለቁባት።

ጋሽ ገሰሰ ይህን ሲሰሙ ከመጽሐፍ መደርደሪያቸው ጥጉ የተበላ ሰማያዊ ደብተር አወጡ። አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ የእንግሊዝኛ መምህራቸው ሰኞ ሰኞ አንድ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ይጽፍላቸው ነበር። እሳቸው ያንን እየገለበጡ ከሥሩ በአማርኛ ማብራሪያ ይጽፉበታል። አገር ለቀው ሲወጡ ከያዟቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ደብተር ነው። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ምዕራብ ዳርቻ በኬሚካል ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ።

«አትሸምድጂ» አሏት የመጀመሪያው ቀን። «ሰው ፈልጊበት። እያንዳንዱ አባባል አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ጭንቀት ነበር። የማን እንደሆነ ካወቅሽ አትረሺውም።»

እውነትም አልረሳችውም። ነገር ሳይባባስ በጊዜው ስለማስተካከል የሚናገረውን ለእናቷ ሰጠችው፤ እናቷ የተተረተረ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። የማይመለከተው ነገር ውስጥ ስለሚገባ ሰው የሚናገረውን በፈተናው አብራት ለምትቀርበው ጓደኛዋ ለሚልካ ሰጠችው። ግን አንድ ነገር አልገባ አላት። አንዱ ምሳሌ ሰው እንዳያመነታ ይመክራል፤ ሌላው ከመራመዱ በፊት ቆም ብሎ እንዲያይ።

«እርስ በርሳቸው ይጣላሉ እኮ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ገሰሰ ሳቁ። «የመድኃኒት መደርደሪያ አድርገሽ እያቸው። አንዱ ደም ግፊት ያወርዳል፣ አንዱ ይጨምራል። መደርደሪያው ተሳሳተ አይባልም። በሽተኛውን አይተሽ ነው የምታነሺው።»

ይህን ያሉት ማንቆርቆሪያው ከመቅለጡ ሁለት ሰዓት በፊት ነበር። ፀሎትን ያስፈራትም ይኸው ነው። እንዲህ ጥርት አድርገው የሚያስቡ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ የት ይሄዳሉ?

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ለሚልካ ነገረቻት። ስም አልጠራችም፤ «አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ» ብቻ አለች።

«አቦ አንቺ ደግሞ» አለች ሚልካ ስልኳን ሳትለቅ። «ሽማግሌ ሁሉ ይረሳል። አያቴ እኔን በእናቴ ስም ነው የምትጠራኝ። ቃል ገብተሻል አይደል? በቃ። ደግሞ ሐሙስ አንቺ ከወደቅሽ እኔም አብሬሽ ነው የምፈርሰው፣ ትኩረትሽን ሰብስቢ።»

ፀሎት ይህን መስማት ነበር የፈለገችው። ማታ እናቷ «ጋሼ ደህና ናቸው?» ስትላት ወጥ እያማሰለች «ደህና ናቸው» አለች።

ረቡዕ አሥር ተኩል ላይ የጋሽ ገሰሰን በር አንኳኳች። መልስ የለም። ደወሉን ተጫነች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች፤ የፋሲካ ድምፅ የለም፣ የቴሌቪዥን ድምፅም የለም። ጎንበስ ብላ በበሩ ሥር አሸተተች። ጭስ አልሸተታትም። የቀረው ሁሉ ግን አስፈራት።

ወርዳ እናቷ በአደራ የምታስቀምጠውን የጋሽ ገሰሰን ቤት ትርፍ ቁልፍ አመጣችና ከፈተች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ምድጃው ጠፍቷል። የእህቷ ቦርሳ የለም። የጋሽ ገሰሰ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው። ካፖርታቸው ከመስቀያው ላይ የለም። ጥቁር ጫማቸው ግን በር ሥር በቦታው ተቀምጧል፤ ማሰሪያው ታስሯል። የሌለው የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማቸው ነው።

ጊዜው የካቲት ነበር። ጠዋት የመኪናዎቹን መስታወት አመዳይ ሸፍኖት አይታለች።

ወደ ፋሲካ ትምህርት ቤት ሮጠች። የከሰዓቱን ልጆች የምትጠብቀው መምህርት ዝርዝሩን አየች። «እህትሽ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሽማግሌው ጋር ሄዳለች። እንደ ሁልጊዜው። የተፈጠረ ነገር አለ?»

«የለም» አለች ፀሎት። ለምን እንዲህ እንዳለች እሷም አላወቀችም። እግሮቿ ቀድመዋት ከሰፈሩ ዳር ወዳለው ወንዝ ይሮጡ ነበር።

ማይን ወንዝ ግራጫ ሆኖ ሞልቷል። በዳርቻው መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ውሻ ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ በቀር ሰው የለም። ውሃውን ማየት አልፈለገችም፤ ግን እያየችው ሮጠች። የፋሲካን ሮዝ ቦርሳ ትፈልጋለች፤ እንዳታገኘውም ትጸልያለች። አንድ ቦታ ሮዝ ነገር ውሃው ጠርዝ ላይ ተንሳፍፎ አየች። ቀረብ ብላ ስታየው የገበያ ፌስታል ነው። እዚያው ሳሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ መነሳት አቃታት።

ከትራሙ የመጨረሻ ፌርማታ አጠገብ ጋዜጣና ለስላሳ የምትሸጥ ሴት አለች። ፀሎት ስትጠይቃት ወዲያው አስታወሰች። «ነጠላ ጫማ ያደረጉት ሽማግሌ? ሕፃን ይዘው አሥራ አንድ ቁጥር ትራም ላይ ሲሳፈሩ አይቻለሁ። አሁን ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። በዚህ ብርድ ምን ነክቷቸው ነው ብዬ ነበር።»

ፌርማታው ላይ አሥራ አንድ ቁጥር ቆሟል፤ በሩ ክፍት ነው። ከዚህ መሄጃው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ምዕራብ ጫፍ ይደርሳል። በመካከሉ ፌርማታው ብዛት አለው። ሰውነቷ ሁሉ ግቢ ግቢ አላት። ብትገባና ብታገኛቸው ማንም ምንም አያውቅም። ለእናቷ መንገር የለም፣ ለሃይሚም የለም። ፖሊስም አይመጣም። ከፖሊስ በኋላ የሚመጣውንም ታውቃለች። የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሰዎች እናቷን፣ ለምን የስድስት ዓመት ልጅሽን ለሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ትሰጫለሽ፣ ይሏታል። የአንድ የክፍሏ ልጅ ቤተሰብ እንዲህ ተጠይቆ ስንት ጊዜ ቢሮ እንደተመላለሰ ሰምታለች።

አታመንቺ የሚለው ምሳሌ ትዝ አላት። ቆም ብለሽ እይ የሚለውም ትዝ አላት። ሁለቱም በጋሽ ገሰሰ ድምፅ ነበር የመጡላት። ሁለቱም አልጠቀሟትም። ከዚያ ፋሲካን አሰበቻት። በዚህ ሰዓት እርቧታል። ሲርባት መጀመሪያ ትነጫነጫለች፤ ሲብስባት ዝም ትላለች።

የትራሙ በር ተዘጋ። ፀሎት ፌርማታው ላይ ቀረች። ስልኳን አውጥታ የእናቷን መሥሪያ ቤት ቁጥር ደወለች።

ያነሳችው ሌላ ሠራተኛ ናት። የሺወርቅን ፈልጋ እስክታመጣት ፀሎት አሥር ጊዜ መስመሩን ልትዘጋው ቃጣት።

«ፀሎትዬ፣ ምን ሆንሽ?» የእናቷ ድምፅ ከሩጫዋ የተነሳ ይቆራረጣል።

«ፋሲካና ጋሼ የሉም። በትራም ሄደዋል። ወዴት እንደሆነ አላውቅም።»

«ምናልባት ሊያዝናኗት ወጥተው ይሆናል። ስልካቸውስ?»

«ቤት ትተውታል።»

«ፀሎት። ጋሼ ደህና አልነበሩም እንዴ?»

አሁንም ማለት ይቻላል፤ ደህና ነበሩ ማለት። ፀሎት በረዶ የሆነውን የፌርማታውን ብረት ያዘች።

«አልነበሩም» አለች። «ሰኞ የፕላስቲኩን ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ ጥደው አቃጠሉት። እኔን ሸዋ አሉኝ። እንዳልናገር ለመኑኝ፤ እሺ አልኳቸው። ትናንት ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። አሁን ደግሞ የወጡት በነጠላ ጫማ ነው፣ እማዬ።»

እናቷ በየቀኑ የሚረሱ ሰዎችን ፀጉር ታበጥራለች። ምን እንደሰማች ከማንም በላይ ይገባታል።

«ሰኞ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«እሺ። እሺ፣ አሁን አታልቅሺ። ቤት ሂጂና በር ላይ ቁሚ፤ ከተመለሱ ሰው ያግኙ። ፖሊስ እኔ እደውላለሁ። ለሃይሚም እኔ እነግራለሁ። አትንቀሳቀሺ፣ ሰማሽኝ?»

ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ አንዷ ሴት ናት። ሴትየዋ ደረጃው ላይ ከፀሎት ጎን ተቀመጠችና ማስታወሻዋን ከፈተች። የካፖርቱን ቀለም፣ የቦርሳውን ቀለም፣ የልጅቷን ቁመት ጠየቀቻት። ፀሎት የእህቷን ቁመት አላወቀችም። እጇን ከወገቧ በላይ አድርጋ አሳየች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

«በሌላ ስም ጠሩኝ ብለሻል» አለች ፖሊሷ። «የማን ስም ነው?»

«የሞቱት ባለቤታቸው።»

«ከባለቤታቸው ጋር የኖሩት እዚህ ነው?»

«እዚህ አይደለም። እዚህ የመጡት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። በፊት…» ፀሎት ቀና አለች። «በፊት ጻይልስሃይም ነበሩ። ፋብሪካው አጠገብ። ሃይሚም ያደገችው እዚያ ነው። አሥራ አንድ ቁጥር መጨረሻው ድረስ ይወስዳል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ነው።»

ፖሊሷ ሳትመልስ ተነሳችና በሬዲዮዋ ተናገረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ደቂቃ ነው። ፀሎት በኋላ ስታስበው ግን ከሁለቱ ዓመታት ይረዝምባታል። መንገዱ ላይ መብራቶች በሩ። በእያንዳንዱ የእግር ኮቴ ቀና ትላለች፤ እያንዳንዱ ኮቴ ያልፋል። አንድ ሰው እንኳ ቢቆጣት በወደደች። ማንም አልተቆጣትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሬዲዮው ተናገረ። ፖሊሷ አዳምጣ እጇን የፀሎት ትከሻ ላይ አሳረፈች። «ሁለቱም ተገኝተዋል። ልጅቷ ደህና ናት።»

ጋሽ ገሰሰ ጻይልስሃይም የድሮ ቤታቸው በር ላይ ቆመው የዛሬውን ቁልፋቸውን በድሮው በር ሲታገሉ ነበር የተገኙት። አሁን እዚያ የምትኖረው ሴት ፋሲካን አስገብታ ብርድ ልብስ አልብሳታለች። እሳቸው ግን ሸዋ ትክፈትልኝ ብለው አልገባም አሉ። ፋሲካ ይህን ሁሉ የተረከችው ማታ እናቷ ጭን ላይ ሆና፣ ግማሹን በጀርመንኛ ግማሹን በአማርኛ ነው። «ጋሼ ያለቅሱ ነበር» አለች። «እኔ ትንሽ ብቻ ነው ያለቀስኩት። እጄን ግን አልለቀቁኝም።»

ሃይሚ የአየር ማረፊያ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች አባቷን በመኪናዋ አመጣቻቸው። ደረጃውን ደግፋቸው ሲወጡ ፀሎት በራቸው ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ገሰሰ አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው። በዚያች ሰዓት ሁሉን ያውቃሉ።

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር» አሉ።

ሃይሚ «ና አባዬ» ብላ ወሰደቻቸው። እናቷም ያን ማታ ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰኞ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር። ዛሬ ስለነገርሽኝ ደግሞ ልጄ ቤቷ አለች። ሁለቱንም ያዢያቸው፤ አሁን ተኚ።»

ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እሷና ሚልካ ተጠሩ። መምህርቷ ፍራው ኬለር ሳጥኑን ገፋ አደረገችላቸው። ፀሎት ካርዷን ገልብጣ አነበበችው። ነገር ሳይባባስ በጊዜው ስለማስተካከል የሚናገረው ነበር።

ትርጉሙን ሳትደናቀፍ አብራራች። ሰዋስውም አልተሳሳተችም። ከዚያ ፍራው ኬለር ብዕሯን አነሳች። «አሁን ደግሞ ከራስሽ ሕይወት።»

ታሪኩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጭሱ፣ ነጠላ ጫማው፣ ወንዙ። እንዲህ ያለ ገጠመኝ ይዞ የቀረበ ተማሪ እንደሌለ ታውቃለች። ሚልካም ጠዋት ሁሉን ስለሰማች በክርኗ ነካ አደረገቻት። ፀሎት ጋሽ ገሰሰን በዚያ የባዕድ በር ላይ ቆመው አየቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ፍራው ኬለርና ሌላ ውጤት መዝጋቢ መምህር፣ ሁለት ሰዎች ብዕር ይዘው ይጠብቃሉ።

«ብስክሌት አለኝ» አለች በእንግሊዝኛ። «ፍሬኑ ሲላላ እናቴ አሠሪው አለችኝ…»

ሚልካ በመገረም አየቻት። ውጤቱ ሦስት ሆነ። አያኮራም፣ አያሳፍርም።

«ያኛውን ብትናገሪው አንድ ነበር የምታገኚው» አለች ሚልካ ኮሪደሩ ላይ። «ጭራሽ አልገባሽኝም።»

«የኔ ብቻ አይደለማ» አለች ፀሎት።

ከትምህርት ስትመለስ የሃይሚ መኪና ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ አገኘችው። ሞተሩ ተነስቷል። ሃይሚ የሆነ ወረቀት ረስታ ወደ ላይ እየሮጠች ነበር፤ ስታልፋት «ለአሥራ አንድ ሰዓት ዶክተር ጋ ቀጠሮ አለን። በግድ ነው ያገኘሁት» አለቻት። ጋሽ ገሰሰ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ፀጉራቸውን ሰው አበጥሮላቸዋል።

ፀሎት መስኮቱ ጋ ቆመች። ዞር የሚሉ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን መስታወቱን አወረዱት።

«ተቀይሜሻለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈትተው መልሰው ቆለፉት። «ዶክተሩ ቀኑን ይጠይቀኛል አሉ። ልክ እንደ ሕፃን፣ የሰዓት ሥዕል ሣል ይለኛል። ባላውቀውስ?»

ፀሎትም እንደሳቸው ፈራች። ባያውቁትስ? ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ሚልካ ናት፤ ፈተናው አልቋልና ከተማ እንውጣ ተባብለው ነበር። ፀሎት «ዛሬ አልመጣም» ብላ ጻፈችና ስልኩን መልሳ ከተተችው።

በመኪናው ዙሪያ ዞራ የወዲያኛውን በር ከፈተች። ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀመጠች። ከጋሽ ገሰሰ ጎን ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረች።

እሳቸው ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር። ግቢም ውጪም አላሏትም።